የድንጋዩ አስተኛኘት

ግንቦት 5፣ ሰኞ

ሰውዬው ሞተ። ወሬውን የሰማሁት ከባለ መጋዙ ነው። እኛ ግቢ ሬዲዮ ነው የምንለው፤ የመጋዙ ጩኸት ጆሮውን ስለደፈነው፣ አንሾካሾክሁ ሲል እንኳ በር ላይ የቆመ ሰው ይሰማዋል። "ያ የድሮ ባሏ አርፏል፤ ለአለቃ ማን ይንገራት?" ብሎ ጓደኛውን ጠየቀው። እኔም ሰማሁ፣ ደንበኞቼም ሰሙ፣ ጎረቤትም ሰማ።

ምንም አልተሰማኝም። ለክሊኒኩ ደረጃ የተቆረጡትን እብነ በረዶች መለካቴን ቀጠልኩ። አንዱን ሁለት ጊዜ ለክቼ ሁለት ልኬት አገኘሁ።

ስሙን እዚህ ደብተር ላይ አልጽፈውም። ጥሎኝ የሄደ ዕለት ምያለሁ። ሰውዬው ከተባለ ይበቃዋል።

ግንቦት 6፣ ማክሰኞ

ቀብር አልሄድኩም። ሥራ አለብኝ። ደረጃው ዝናብ ሳይገባ ካልተነጠፈ የክሊኒኩ ሰዎች ሌላ ጠራቢ እንፈልጋለን ብለዋል።

የሄዱት ሲመለሱ ሚጢ ብቻዋን ቆማ ነበር አሉ። ሚጢ ታናሽ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት ያዘልኳት እኔ፣ ፀጉሯን የሠራኋት እኔ፣ ለትምህርት ቤት ያደረስኳት እኔ። ባሌን የወሰደችው እሷ። ትቁም እንጂ፣ ምን አገባኝ።

በዚያ ብርድ ሹራብ እንኳ አልደረበችም አሉ። ሰው ምን ቸግሮት ነው እንዲህ ያለውን ሁሉ ለእኔ የሚነግረኝ?

ግንቦት 20፣ ማክሰኞ

ዓይኗን በጨው አጥባ መጣች።

መጋዙ እየጮኸ ስለነበር በሩ ሲከፈት አልሰማሁም፤ ቀና ስል ከግራናይቶቹ መካከል ቆማለች። ከስታለች። ፀጉሯ ከፊት ለፊት ነጥቷል። እኔ ሳልሸብት እሷ መሸበቷ አናደደኝ።

"እትዬ" አለችኝ። እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ከጠፋ ስንት ዘመኑ ነው።

ምን ፈልገሽ ነው አልኳት። የመቃብር ድንጋይ ልታሠራ ነው። ከተማው ጠራቢ አልቆበታል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አላለቀበትም፣ እንደ አንቺ ፊደል የሚቀርጽ ግን የለም አለች። ጥቁሩን ግራናይት ነው የምትፈልገው፣ የማያረጀውን። ሂጂ ከዚህ ማለት ሲገባኝ፣ አስቤ እነግርሻለሁ፣ ሐሙስ ነይ አልኳት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ሬዲዮ መጋዙን አጥፍቶ ቲያትር እንደሚያይ ሰው ቆሞ ነበር።

ማታ

አሁን ግን አወቅሁ።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አባታችንን እያሰብኩ ነበር። ይህን ግቢ ያቆመው እሱ ነው። ልጆች ሳለን በድንጋዮቹ መሀል እየመራን፣ የድንጋይ ዘሩ ሦስት ነው ይለን ነበር። አንዱ ከእሳት የመጣው ቅልጥ አለት ነው፤ መሬት ሆድ ውስጥ ቀልጦ ኖሮ እዚያው ቀስ ብሎ የበረደው ግራናይት፣ ወደ ላይ ወጥቶ ፈስሶ ቶሎ የበረደው ጥቁሩ ባዛልት። ሁለተኛው ደለል አለት ነው፤ ውሃ ያመጣው አሸዋ በአሸዋ ላይ፣ ጭቃ በጭቃ ላይ እየተኛ፣ በላዩ እየተጫነ የጠነከረ። ሦስተኛው ልውጥ አለት ነው፤ አንድ ነገር ሆኖ ተፈጥሮ፣ ተጭኖትና ግሎበት ሌላ የሆነ። የክሊኒኩ ደረጃ እብነ በረድ አንድ ጊዜ ተራ የኖራ ድንጋይ ነበር። እኔም አንድ ጊዜ ደግ ሰው ነበርኩ።

ከሦስቱ ለተንኮል የሚመቸው ሁለተኛው ብቻ ነው። የአሸዋ ድንጋይ አስተኛኘት አለው። መሬት ውስጥ ተኝቶ እንደኖረው አድርገሽ ካቆምሽው ንብርብሩ የላይኛው በታችኛው ላይ ተጭኖ ይያያዛል፤ ዝናብ አይገባውም፤ የልጅ ልጅ ያነበዋል። ንብርብሩን በቁሙ ገትረሽ፣ አንዱን ንጣፍ ፊት አድርገሽ ከተከልሽው ግን ውሃው ከአናቱ በየስንጥቁ ይወርዳል፤ ድንጋዩም እንደ ሽንኩርት እየተላጠ ይረግፋል። መጀመሪያ የሚሄደው ፊቱ ነው። ስም የሚጻፈው ደግሞ ፊቱ ላይ ነው።

አባታችን እንዲህ አድርጎ የቆረጠ ሠራተኛ ቢያገኝ በዚያው ቀን ያባርረው ነበር። ከጠራቢ በቀር ይህን የሚያውቅ የለም። ሚጢም አቧራ ትጠላ ስለነበር ከግቢው ቶሎ ነው የወጣችው።

ጥቂት ክረምት ይበቃል። አንድ ቀን ልትጎበኘው ሄዳ የስሙን ግማሽ ሣሩ ላይ ታገኘዋለች። በሚቀጥለው ክረምት ሌላውን ግማሽ። ያን ጊዜ ልቤ ቅቤ ይጠጣል።

ግንቦት 22፣ ሐሙስ

መጣች። ግራናይት ቀዝቃዛ ነው አልኳት፤ መስታወት ነው፣ ሰው የራሱን ፊት ነው የሚያይበት። የአሸዋ ድንጋይ ግን ፀሐይ ሲያርፍበት ማር ይመስላል፣ ለፊደልም ይታዘዛል። አንድም ውሸት አልተናገርኩም። ግቢው ውስጥ አንድ ቁራጭ ወዳለበት ወስጄ እንድትዳስሰው አደረግሁ።

ረጅም ጊዜ ዳሰሰችው። ከዚያ "አንቺ ያልሽው ይሁን፣ እትዬ" አለች።

ትከራከረኛለች ብዬ ነበር። ስትከራከረኝ የምመልሰውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ጥርሴ ውስጥ ቀረ።

ስትወጣ ማካፋት ጀመረ። ጃንጥላዬን ሰጠኋት። ሰጥቼ ስጨርስ ራሴን በጥፊ ማለት አማረኝ። ለዚያውም አዲሱን።

ግንቦት 24፣ ቅዳሜ

ሹፌሩ ድንጋዩን አራገፈ። ጥሩ ድንጋይ ነው። የድንጋይ ማውጫው ሰዎች ወደ ላይ የሚሆነውን ጎን በቀይ ቀለም ቀስት አመልክተውበታል። እንዳይታይ በሸራ ሸፈንኩት። ክሊኒኩ ሦስት ጊዜ ደወለ። ምሳ የለም።

ግንቦት 27፣ ማክሰኞ

ሬዲዮ ሸራውን ገልጦ ቀስቱን አይቷል። በየት በኩል ልቁረጥ ብሎ መጣ። አሳየሁት። ድንጋዩን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ድንጋዩን አየ።

በጎኑ ሊቆም አይደለም ወይ አለኝ። ደንበኛዋ የፈለገችው እንዲህ ነው አልኩት። ደንበኛዋ ይህን ነገር ከየት ታውቀዋለች አለ። ሥራህን ሥራ አልኩት።

ቆረጠው። ከሰዓት በኋላ ከሹፌሩ ጋር ተቀምጦ "ሲያንሾካሹክ" ሰማሁት። "አባትየው በሕይወት ቢኖር እኔንም እሷንም በዚህ መሮ ያባርረን ነበር።"

አባቴን እዚህ መሀል ምን ያመጣዋል? አባቴ ከልጁ የተቀማ ነገር አልነበረውም። እሱ ምን ያውቃል።

ሰኔ 3፣ ሰኞ

ፊደሉን ጀመርኩ። እንዲያው በይድረስ ይድረስ ልቀርጸው ነበር ሐሳቤ፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። መሮው የለመደውን መንገድ ይሄዳል። ይሁን አልኩ። ያማረ ነገር ሲረግፍ ነው አንጀት የሚያሳርረው። ስለዚህ አሳምሬ እሠራለሁ፣ ለራሴ ስል።

ስሙን ስጽፍ ከቀኝ እጄ ሌላ የትም እንዳይገባ ስለ ሌላ ነገር አሰብኩ። ስለ ደረጃው። ስለ ኪራይ። በፊት እሱ ድንጋይ ሲያለሰልስ ያፏጭ ነበር፤ ሁልጊዜ ያቺኑ አንዷን ዜማ፣ ሁልጊዜ ያለ ቦታዋ እያዞራት። ይህ ለምን እንደመጣብኝ አላውቅም።

ሁለቱ አብረው የሄዱ ቀን ሚጢ ልብሷን እንኳ አልወሰደችም። ቁምሳጥኔ ውስጥ አለ። መጣል አለብኝ እላለሁ፣ ሥራ ይበዛብኛል።

ሰኔ 5፣ ረቡዕ

ሁለት መስመር። አቧራ። አንገቴ። ሬዲዮ ከሰላምታ በቀር አያወራኝም፤ ሬዲዮ ዝም ሲል ግቢው ያስፈራል።

ሰኔ 8፣ ቅዳሜ

ሚጢ ሥራውን ልታይ መጣች፤ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ይዛ። ባዛልቱ ላይ ቁጭ ብላ እንቁላሉን ልጣ ሰጠችኝ። አልፈልግም ልል አፌን ስከፍት በልቼው ነበር። በጣም ርቦኝ ነበር እንጂ ሌላ ምንም አይደለም።

ድንጋዩን አሳየኋት። አቧራውን ላጥበው ብላ ከመጠጫዋ ውሃ አፈሰሰችበት፣ ፊቱንም ጎኑንም። ከዚያ እጇን አጣምራ እስኪደርቅ ቆማ አየችው። አባታችን ድንጋይ አርሶ ሲደርቅ እያየን አስተኛኘቱን ገምቱ ይለን ነበር፤ የንብርብሩ መስመር ከሌላው ዘግይቶ ነው የሚደርቀው። ሚጢ ሁልጊዜ ትበልጠኝ ነበር።

ያን ጊዜ ግን ልጅ ነበረች። ረስታዋለች። ጎኑ ላይ ያለውን መስመር በጣቷ ከላይ እስከ ታች ተከተለችና "ያምራል፣ እጅሽ አልተለወጠም" ብቻ ነው ያለችው። ምንም አልገባትም። ብትረዳማ ትጮህ ነበር፣ እኔ ብሆን እጮህ ነበር።

ስትሄድ ጫማዋን አየሁ። ተረከዙ አልቋል። ያ ሁሉ ፍቅር ጫማ እንኳ አልገዛላትም ማለት ነው። የእጇን ነው ያገኘችው። ደስ ብሎኛል ብዬ መጻፍ አለብኝ፤ ደስ ብሎኛል።

ሰኔ 15፣ ቅዳሜ

ተከልነው። ሬዲዮ፣ እኔ፣ እሷ። ጭቃ። ሲሚንቶውን ዝናብ እንዳይመታው ሸራ ይዘን ቆምን። ውሃ ልኩን እሷ ያዘች።

ቀጥ ብሎ ቆሟል። በጣም ያምራል። ከእኔ ሥራ ሁሉ ይበልጣል።

ሰኔ 20፣ ሐሙስ

ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ጣሪያው ሲንጫጫ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። በእያንዳንዱ ጠብታ ተገላበጥኩ።

ሰኔ 21፣ ዓርብ

በመቃብሩ በኩል አለፍኩ። ለሥራ ነው፣ መንገዴ ነው። በርግጥ ክሊኒኩ በሌላ በኩል ነው፣ ግን በዚያም ይኬዳል። ድንጋዩ ምንም አልሆነም። ገና ነው። ምን ጠብቄ ነበር? አናቱን በመዳፌ ስነካው ርሷል፣ ውሃውን ይጠጣል። እንደሚጠጣ አውቅ ነበር። ያወቅሁትን ነገር ሳየው ለምን ደነገጥኩ?

አናቱ ላይ ቁራጭ ላስቲክ ጣል አደረግሁበት። ዛሬ ብቻ። ሲሚንቶው ይጥበቅ ብዬ ነው።

ሰኔ 26፣ ረቡዕ

ላስቲኩን ነፋስ ወስዶታል። በሌላ ተካሁትና ጠጠር ጫንኩበት። የምበቀለውም እኔ፣ ጣሪያ የምሠራለትም እኔ። አንዲት ቀን ዝናብ ከቻልኩ ልማዱ ይመጣል።

ሰኔ 28፣ ዓርብ

የደረጃው ሥራ አለቀ፤ ክሊኒኩ ዝም አለ። ሠራተኞቹ ሻይ ሲጠጡ ሬዲዮ እንዲህ ሲል ሰማሁት። "እኔ ስሞት ድንጋዬን ሌላ ግቢ አሠሩልኝ።" ሰዎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

ከአባቴ ጀምሮ እዚህ የሠራ ሰው ነው። ወጥቼ ልቆጣው ተነሣሁና ተመልሼ ተቀመጥኩ። እኔን ያቃጠለኝን ነገር እሱ አያውቀውም። ባሏን ራሷ ያሳደገቻት ልጅ የወሰደችባት ሴት ምን እንደምትሆን ሬዲዮ ከየት ያውቃል? አውቆም ከሆነ እንዲህ ባላለ።

ሐምሌ 4፣ ሐሙስ

የሆነውን እንዳለ ልጻፍ፣ ኋላ እንዳልለውጠው።

ሚጢ ጃንጥላዬን ልትመልስ መጣች። ደርቆ፣ ተጣጥፎ፣ በክር ታስሮ። ቤቱን ልትለቅ ነው፤ ዕቃዋን ሸጣ እሑድ ወደ ሌላ ከተማ ትሄዳለች። እዚያ አንድ የልብስ ስፌት ቤት ሥራ ሰጥቷታል። መልካም መንገድ አልኳት። ድምፄ እንደ ሰው ድምፅ ነው የወጣው።

አልሄደችም። መሬት መሬት እያየች ቆመች፤ ከዚያ ቀና አለች።

"እትዬ፣ ድንጋዩ በጎኑ እንደቆመ አውቃለሁ።"

የትኛው ድንጋይ አልኳት። ይህን ለማለት ምን ያህል ፊት እንደሚያስፈልግ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

"ያን ቀን ውሃ ሳፈስበት አየሁት። መስመሩ ቁልቁል ነው የሚወርደው።"

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አልኳት። አልጮኸችም፤ ስለ ዘንድሮ ዝናብ እንደምታወራ ሆና ነው የመለሰችልኝ።

"ምን ልስጥሽ? የወሰድኩብሽን የምመልስበት አጣሁ። ስለዚህ ይህን ውሰጂ ብዬ ተውኩሽ። የሱ ስም ሲረግፍ አንቺም ይወጣልሻል፣ እኔም ዕዳዬን ከፍዬ እሄዳለሁ።"

ጃንጥላውን ግራናይቱ ላይ አስቀምጣ ወጣች። ሬዲዮ መጋዙን አላስነሣም ነበር፣ ሁሉንም ሰምቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሹክ ያለው ነገር የለም።

ሐምሌ 5፣ ዓርብ

እርር ድብን ብያለሁ። ከትናንት ጀምሮ ግቢውን እዞራለሁ።

ይህንንም ወሰደችብኝ። በገዛ እጄ ያቀድኩት፣ በገዛ እጄ የቆረጥኩት፣ ሌሊት ሌሊት የማስበው የእኔ ብቻ የሆነ አንድ በቀል ነበረኝ። እሷ ቆማ አይታ፣ እንቁላል ልጣ፣ ውሃ ልክ ይዛ ሰጠችኝ። ዘርፌ የያዝኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ተመጽዋች ነኝ።

ደግሞ ተከፈለ ትለኛለች። እኔ ደረሰኝ አልኩ ወይ? ያን ሁሉ ዓመት በአንድ ድንጋይ? ክረምት በመጣ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየረገፈ ዕዳዋ ሊያልቅ፣ እሷ በሰው ከተማ ቀና ብላ ልትሄድ፣ እኔ እዚህ ከመጋዝ ጋር ልቀር? በምን ሒሳብ?

አይደረግም። እንዲህ በቀላሉ አልለቃትም።

ሐምሌ 6፣ ቅዳሜ

ጠዋት ሬዲዮን ጠራሁት። ጥቁሩን ግራናይት አውርድ፣ የአሸዋ ድንጋዩን ከመቃብር ነቅለን እናመጣለን አልኩት። ምንም አልጠየቀም። ፊቱ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር ስላየሁ ይቅርታ እንዳይመስልህ ብዬ አስጠነቀቅሁት። "እኔ ምን አልኩ?" አለኝ፤ ድፍን ሰፈር ሰማው።

ከዚያ ሚጢ የተከራየችበት ክፍል ሄድኩ። ሻንጣዋ ተዘግቶ በር ላይ ቆሟል። ባዶ ክፍል፤ መጋረጃው እንኳ ወርዷል። አልተቀመጥኩም።

ድንጋዩን ልነቅለው ነው አልኳት። በግራናይት እጽፈዋለሁ። ዝናብ አይነካውም፣ አንድ ፊደል አይረግፍም። ስለዚህ ምንም አልከፈልሽኝም፣ ዕዳሽ እንዳለ ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ደግሞ ዕቃውን ጭኖ ከከተማ አይወጣም።

ተያየን። እኔ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ፤ አንጀቴን በላችኝ አልልም።

"ምን ላድርግ ታዲያ?" አለች።

ግራናይት ጠንካራ ነው፣ የእኔ ክንድ እንደ ድሮው አይደለም፣ ፊደሉን ስቀርጽ ውሃ የሚያፈስልኝና አቧራ የሚጠርግ ሰው እፈልጋለሁ አልኳት። ሰኞ በጠዋት። አርፍደሽ እንዳትመጪ።

"እስከ መቼ ነው እትዬ?"

የተወሰደብኝ እስኪመለስ አልኳት። እንደማይመለስ ሁለታችንም እናውቃለን። አንገቷን ነቀነቀችና የሻንጣዋን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች። ውስጡ ያለው ቀሚስ ብዙ አልነበረም፣ ሦስት ቢሆን ነው።

ሐምሌ 8፣ ሰኞ

ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ቀዝቅዛ፣ ፀጉሯ በዝናብ ረጥቦ ቆማለች። ስለምን ዘገየሽ ብዬ ተቆጣኋት፤ ከዚያ ቁምሳጥኑን ከፍቼ ያኔ ትታው ከሄደችው ልብሷ የሚደረብ ሰጠኋት።